ቤቱ ሲበርደው ደኑ ይነዳል

 

አካባቢን የማይጎዳ ሕንፃ እንዴት ይነደፋል የሚለው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው በዋና ከተማ አዳራሾች፣ ስለ ፎቅ ቤቶች ሲወራ ነው። እኔ ዛሬ ላነሳው የምፈልገው ባሌ ውስጥ ሮቤ ወይም ጎባ ላይ ባለ ሁለትና ባለ ሦስት ክፍል ቤት ለመሥራት የቆርቆሮና የብሎኬት ዋጋ ስለሚያጠያይቅ ሰው ነው። የምለው ነገር አንድ ነው። በባሌ ደጋ ቤት የሚፈተነው ሌሊት ነው። ቀን ያገኘውን ፀሐይ እስከ ንጋት ይዞ የሚያድር ቤት ከሠራን ማገዶ እናተርፋለን። ጀምበር ስትጠልቅ አብሮ የሚቀዘቅዝ ቤት ከሠራን ግን ሌሊቱን የምናሞቀው በእንጨትና በከሰል ነው፤ የጓሮ ባህር ዛፍ ያልሸፈነውን ደግሞ ደኑ ይሸፍነዋል።

በዓለም ደረጃ ሕንፃና ግንባታ አንድ ላይ ከኃይል ጋር ከተያያዘው የካርቦን ልቀት ከሲሶው በላይ ይይዛሉ። አውሮፓ ውስጥ አንዱ ዋና ምክንያት ክረምቱን ቤት ለማሞቅ የሚነደው ጋዝ ነው፤ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ደግሞ ቀንና ሌሊት የማያርፈው ማቀዝቀዣ። መጻሕፍቱ የተጻፉት በእነዚህ አገሮች ስለሆነ ስለ ጋዝና ስለ ኤሌክትሪክ ቁጠባ ብዙ ይላሉ። የእኛ ሂሳብ ሌላ ነው። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል ከውሃ የሚመነጭ ነው። ለዚህ ቅርባችሁ ያለው ምስክር በዋቤ ሸበሌ ላይ ተሠርቶ ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የሚያመነጨው፣ 153 ሜጋ ዋት አቅም ያለው መልካ ዋከና ነው። አምፖል ማጥፋት የወር ክፍያ ይቀንሳል፤ ደን ግን አያተርፍም። ከአሥር የኢትዮጵያ ቤተሰብ ዘጠኙ ገደማ ዛሬም ምግቡን የሚያበስለው በእንጨት፣ በከሰል፣ በኩበትና በመሳሰለው ነው፤ የደጋ ሰው ደግሞ በዚያው እሳት ይሞቃል። ስለዚህ ቤታችን በአካባቢው ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ስንፈልግ መጀመሪያ ምድጃውን፣ ቀጥሎ ግድግዳና ጣራው የተሠራበትን ዕቃ እንመልከት።

ጉዳቱ የባሌ ብቻ ሆኖ አይቀርም። ዌይብ፣ ወልመልና ሌሎቹ ከእነዚህ ተራሮች የሚነሱ ወንዞች በኢትዮጵያ ቆላ፣ በሶማሊያና በኬንያ ጠረፍ ከ10 ሚሊዮን በላይ ለሚሆን ሕዝብ ውሃ ያደርሳሉ። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ ደስታው የሁላችን ነበር። ኃላፊነቱ ግን በፓርኩ ጠባቂዎች ጫንቃ ላይ ብቻ የሚቀር አይደለም። ጎባ ላይ ኮርኒስ የሚመታ አናጢም ድርሻ አለው።

ከንድፍ መርሆዎች ሁሉ የሚቀድመው ቦታን ማወቅ ነው፤ ይህን ለመማር ደግሞ ከባሌ የተሻለ ትምህርት ቤት አላውቅም። ጎባ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ማለዳ ከጎባ የተነሳ መኪና ሽቅብ ወጥቶ 4,000 ሜትር አካባቢ ያለውን የሳነቴን አምባ ያቋርጣል፤ 4,377 ሜትር የሆነውን ቱሉ ዲምቱን እያየ ያልፋል። በዚያ አምባ በበጋ ሌሊት ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ የደረሰበት ጊዜ ተመዝግቧል። ከዚያ በአስታው መካከል ወርዶ፣ የሪራን ቀርከሃ አልፎ፣ የሐረናን ደን ሰንጥቆ በ1,300 ሜትር ገደማ ላይ ካለችው ደሎ መና ይገባል። አየር በየ100 ሜትሩ ከፍታ 0.6 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ከሳነቴ እስከ ደሎ መና ስናሰላው 16 ዲግሪ ልዩነት ነው። ግማሽ ቀን በማይፈጅ መንገድ ሰው ካፖርቱን አውልቆ ጥላ ፍለጋ ይገባል።

ታዲያ በዚህ መንገድ ግራና ቀኝ የምናያቸው ትምህርት ቤቶች፣ ጤና ጣቢያዎችና የቀበሌ ጽሕፈት ቤቶች ለምን አንድ ዓይነት ሆኑ? ያው ብሎኬት፣ ያው ቆርቆሮ፣ ያው የመስኮት ስፋት። ስታንዳርድ ዲዛይን የሚባለው አሠራር ወጪ ለመቆጠብና ጥራት ለመጠበቅ የመጣ ነው፤ ዓላማውን አልነቅፍም። ነገር ግን ደሎ መና ላይ ንፋስ እንዲያስገባ የተፈለገው መስኮት ዲንሾ ላይ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ፣ ልጆችን እስከ ረፋድ ያንቀጠቅጣል። ስታንዳርዱ ቢያንስ ለደጋ፣ ለወይና ደጋና ለቆላ ለየብቻው ይዘጋጅ።

ሰው በዚህ ብርድ መኖር የጀመረው ትናንት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት በባሌ ተራሮች 3,469 ሜትር ከፍታ ላይ የሚገኘው የፊንጫ ሀበራ የዋሻ ጥላ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመታት በፊት የሰው መኖሪያ እንደነበር አሳይቷል። ተራሮቹ በዚያ ዘመን የበረዶ ግግር ነበራቸው። ሰዎቹ ትልቁን ፍልፈል እያደኑ እየጠበሱ ይበሉ ነበር፤ ለመሣሪያ የሚሆናቸውን ባልጩት የሚያመጡት ከዚያም ከፍ ካለ ቦታ ነው። በዚህ ከፍታ ሰው እንደኖረ በማስረጃ ከታወቁት ሥፍራዎች ሁሉ ቀደምቱ ይህ ነው። ግድግዳ ባይሠሩም መጠለያቸውን መርጠዋል፤ ምርጫ ደግሞ የንድፍ መጀመሪያ ነው።

አሁን ወደ ፀሐይዋ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ። ሮቤ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 7 ዲግሪ ላይ ናት። በሰኔ አጋማሽ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ከራሳችን ወደ ሰሜን ዘንበል ትላለች፤ በታኅሣሥ አጋማሽ ደግሞ በደቡብ በኩል ከአድማስ 60 ዲግሪ ያህል ከፍ ብላ ታልፋለች። ሰኔ ደመና ነው። ውርጩ የሚመጣው ከኅዳር እስከ ጥር፣ ሰማዩ ጥርት ሲል ነው። ያን ጊዜ ደግሞ የደቡቡ ግድግዳ ከጠዋት እስከ ማታ ፀሐይ ያገኛል። የምሥራቁ ግድግዳ የማለዳውን፣ የምዕራቡ የከሰዓቱን ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ይጠጣሉ።

ስለ ሐሩር አገር የሚያወሩ የንድፍ መጻሕፍት ሁሉ ከምሥራቅና ከምዕራብ ፀሐይ ሽሹ፣ ቤቱን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ አርዝሙት፣ ጠባቡን ጎን ለፀሐይ ስጡት ይላሉ። ለደሎ መናም ለጊኒርም ልክ ነው። ለሮቤ፣ ለጎባና ለዲንሾ ግን ምክሩ ይገለበጣል። መኝታ ቤቱና መማሪያ ክፍሉ ወደ ምሥራቅ መስኮት ይኑራቸው፤ ልጅ ፊቱ ላይ ፀሐይ ሲያርፍበት ይነሳ። የምዕራቡ ግድግዳ ወፍራም አፈር ወይም ድንጋይ ይሁን፣ መስኮት አይብዛበት። ውፍረቱ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ የአፈር ግድግዳ ከውጭ የተቀበለውን ሙቀት ወደ ውስጥ ለማድረስ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ይፈጅበታል። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ የመታው ፀሐይ ክፍሉ ውስጥ የሚደርሰው ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፤ ልክ ብርዱ አጥንት ሲገባ።

አንድ ዝርዝር ልጨምር፤ አናጢዎቹ ይህን ያዙልኝ። ጣራው ከግድግዳው 60 ሳንቲ ሜትር ወደ ውጭ ከወጣ፣ በታኅሣሥ እኩለ ቀን ከሥሩ ባለው የደቡብ ግድግዳ ላይ 1 ሜትር ያህል ጥላ ይጥላል። መስኮቱ ከጣራው ጠርዝ ሥር ተወትፎ ከተቀመጠ ፀሐይ ሳያይ ይውላል። መስኮቱን ዝቅ አድርጉት። ጣራውን አታሳጥሩት፤ የአፈር ግድግዳ ያለ ረጅም ጠርዝ ዝናብ አይችልም።

በዋናው መንገድ ዳር እየበዛ ስለመጣው የመስታወት ግንባርም ሳልናገር አላልፍም። ነጠላ መስታወት በአሉሚኒየም ፍሬም ይገጠምና ከሰዓት በኋላ ውስጡ ያለው ሠራተኛ በላብ ይጠመቃል፣ በማግስቱ ጠዋት ደግሞ ጃኬቱን ሳያወልቅ ይሠራል። መስታወት ፀሐይን ፈጥኖ ያስገባል፣ ሙቀትን ፈጥኖ ያስወጣል። የአያቶቻችን የእንጨት መስኮት ሌሊት ሲዘጋ ከዚህ ሁሉ የሚሻል ጥበብ ነበር፤ መስታወቱም ይኑር፣ የእንጨት መዝጊያውም ከውስጥ ይመለስ።

ከሁሉ በላይ ሙቀት የሚሰርቀን ግን ጣራው ነው። ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ቤት ግቡና ቀና በሉ። ቆርቆሮው በውስጥ በኩል አልቦ፣ ጠብታው በሚስማሩ ዙሪያ ተንጠልጥሎ፣ አንዳንዱም ብርድ ልብሱ ላይ ወርዶ ታገኙታላችሁ። ጣራው አፍስሶ አይደለም። ባለ 32 ጌጅ ቆርቆሮ ውፍረቱ ከግማሽ ሚሊ ሜትር በታች ነው፤ ጥርት ባለ ሌሊት ሙቀቱን ለሰማይ ለቆ ከውጭው አየር በታች ይቀዘቅዛል፣ የተኙት ሰዎች ትንፋሽ ደግሞ እሱ ላይ ውሃ ሆኖ ይቀራል። በቆርቆሮ ብቻ የተከደነ ቤተሰብ በውርጭ ነጠላ ለብሶ እንደተኛ ሰው ነው።

ብዙ ቤት ያየሁት መላ የማዳበሪያ ከረጢት ሰፍቶ ኮርኒስ ማድረግ ነው። አቧራ ይይዛል፣ ብርድ ግን አያቆምም። ከላዩ የሚጨመር ነገር ያስፈልጋል፤ ያ ነገር ደግሞ በሲናና፣ በአጋርፋና በጋሰራ ማሳ ላይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ገናና ቦና በሚባሉት የእርሻ ወቅቶች፣ ይቀራል፤ ጭድ። የስንዴና የገብስ አገዳ ውስጡ ባዶ ነው፣ የታመቀ አየር ይይዛል። ሙቀት በማስተላለፍ ከአርማታ ጋር ሲነጻጸር ከ20 እጥፍ በላይ ያነሰ ነው። አሜሪካ ውስጥ በነብራስካ ሜዳ እንጨት ያጡ ገበሬዎች ከ100 ዓመት በፊት ሙሉ ቤት በታሰረ ጭድ ሠርተዋል፤ ከነዚያ ቤቶች ዛሬም የቆሙ አሉ። እኛ ሙሉ ቤት ባንሠራ ጣራውን እንክደንበት። 4 በ5 ሜትር ለሆነ ክፍል ከኮርኒሱ በላይ 15 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ለመሙላት የሚያስፈልገው 3 ሜትር ኩብ ጭድ ነው።

ሁለት ሰዎች እጃቸውን ሊያወጡ ሲሉ አየሁ። አይጥና እሳት ልትሉኝ ነው። ትክክል ናችሁ። ደረቅ ጭድ እንዲሁ አይነሰነስም። ቀጭን የሸክላ አፈር ጭቃ ውስጥ ነክሮ፣ አጠንፍፎ፣ በደንብ አድርቆ መጠቅጠቅ፣ ከላይም ከታችም በጭቃና በኖራ መምረግ ያስፈልጋል። እንዲህ ሲሆን እሳት በቀላሉ አይይዘውም፣ አይጥም ጎጆ መሥሪያ ያጣል። ክብደቱ ስለሚጨምር ግን የኮርኒሱ እንጨት ቀድሞ ይታሰብበት፤ ለማዳበሪያ ተብሎ በተመታ ቀጭን እንጨት ላይ ይህን መጫን አደጋ ነው። ጭድ የከብት መኖ እንደሆነና ዋጋ እንዳለውም አውቃለሁ። ለጣራ የሚሆነው ጭድ አንዴ ከገባ ለዓመታት ይቆያል፤ በየዓመቱ ከሚገዛው ከሰል ጋር አስተያዩት።

ወደ ግድግዳ ስመጣ የጭቃ ቤትን ማሞገስ ብቻ ከእኔ እንዳትጠብቁ። የተለመደው የጭቃ ቤት ግድግዳው ቀጭን ነው፤ እንጨት ግን ይፈጃል። ቋሚው መሬት ውስጥ ገብቶ ይበሰብሳል፣ ምርጉ በየክረምቱ ይረግፋል። ሰው ከጭቃ ወደ ብሎኬት ሲሸሽ በከንቱ አይደለም፤ እናቶች በየዓመቱ ምርግ መምታት ሰልችቷቸዋል። ችግሩ የምንሸሽበት ብሎኬት ከላዩ እንዳለው ቆርቆሮ ሁሉ ብርድ አሳላፊ መሆኑ ነው፤ ከዚያም በላይ ሲሚንቶው ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጭኖ የሚመጣ ነው። ሲሚንቶ ብቻውን ከዓለም የካርቦን ልቀት ከ100 እጁ 7 ወይም 8 እጁን ይይዛል፤ የዚህም ከግማሽ በላይ የሚወጣው የኖራ ድንጋዩ ራሱ ሲቃጠል ከሚለቀው ጋዝ እንጂ ከማገዶው አይደለም። ስለዚህ የፋብሪካው ምድጃ በነፋስ ኃይል ቢሠራ እንኳ ችግሩ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም።

የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ይባላል። እዚህ ያለን ዕቃ አፈር፣ ባዛልት ድንጋይ፣ ጭድ፣ ባህር ዛፍና ቀርከሃ ነው። የምመክረው ቤት መሠረቱ ከድንጋይ ሆኖ ከመሬት ቢያንስ 50 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል፤ ከላዩ ያልተተኮሰ የአፈር ጡብ በ30 ወይም 40 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ይገንባ፤ ጫፉ ላይ በእንጨት ወይም በስስ አርማታ ዙሪያውን ይታሰር፣ ግንበኞች ቶፕ ታይ ቢም የሚሉት ማለቴ ነው። መሬት መንቀጥቀጥ የሚበዛበት ስምጥ ሸለቆ ሩቅ ስላልሆነ ይህን ማሰሪያ የሚዘል ሰው አይኑር። ሲሚንቶ የሚገባው እዚህ ቦታና ውሃ በሚነካው ብቻ ይሁን። የተተኮሰ ጡብ አልመክርም፤ ለመተኮሻው የሚነደው እንጨት የምናተርፈውን ማገዶ መልሶ ይበላብናል።

አፈሩ ግን ሁሉም አይሆንም፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይከስራል። በሮቤና በሲናና ሜዳ ለስንዴ ያን ያህል የተባረከው ጥቁር አፈር፣ ዋልካው፣ ለግንብ ጠላት ነው። ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፣ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። ሜዳው ላይ ባሉ ቤቶች ከበር ማዕዘን ተነስቶ ሰያፍ ወደ ጣራ የሚወጣውን ስንጥቅ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ግድግዳው ሳይሆን ከሥሩ ያለው መሬት ነው የተንቀሳቀሰው። በዋልካ ላይ የሚሠራ ሰው ጥቁሩን አፈር አስወጥቶ መሠረቱን ጠንካራው ላይ ያሳርፍ፣ የዝናቡንም ውሃ ከቤቱ ያርቅ። ለጡብ ደግሞ ከላይኛው ለም አፈር በታች ያለውን ቀይ አፈር ፈልጉ።

አፈሩ ይሆን እንደሆነ ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። አንድ ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ውሰዱ፤ ሲሶውን በአፈሩ ሙሉት፣ ውሃ ጨምሩበት፣ ጨው በቁንጥጫ ብትጨምሩ ይረዳል፣ አጥብቃችሁ በጥብጡትና ሳትነኩት አስቀምጡት። አሸዋው በደቂቃ ውስጥ ከታች ይተኛል፤ ደለሉ በሰዓታት ውስጥ ይከተላል፤ ሸክላው እስከ ማግስቱ እየረጋ ይቆያል። በማግስቱ ሦስቱ ድርብርብ በዓይን ይታያሉ። አሸዋው ከግማሽ በላይ፣ ሸክላው ከ15 እስከ 30 በመቶ ከሆነ ጥሩ ጡብ ይወጣዋል። ሸክላው ከበዛ አሸዋ ጨምሩ፣ ካነሰ ሌላ ቦታ ቆፍሩ። ይህን ፈተና የአሥር ዓመት ልጅ ይሠራዋል፤ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ቢገባ ምንኛ ደስ ባለኝ።

ስለ እንጨት አጭር ነገር ብቻ እላለሁ። ጽድና ኮሶ ለግንባታ አይቆረጡ። ባህር ዛፍ ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ አገራችን ያለ፣ ቶሎ የሚያድግ የግንባታ እንጨት ነው፤ ከምንጭና ከረግረግ ራቅ ብሎ ይተከል እንጂ ጠላቴ አልለውም። ቀርከሃ ተስፋ የምጥልበት ነው። የሪራ ሰዎች ለቤት፣ ለአጥርና ለቀፎ ይጠቀሙበታል፤ ሦስት ዓመት ያለፈውን እየመረጡ ቢቆርጡት ሥሩ እንደገና ያበቅላል። ነገር ግን ውስጡ ስኳርና ስታርች ስላለው ነቀዝ ይወደዋል። የድሮው ቤት ቀርከሃ የቆየው የምድጃው ጭስ ስለሚያጥነው ነበር። ጭሱን ከቤት ስናወጣ፣ ማውጣትም አለብን፣ ቀርከሃውን በበጋ ቆርጦ በወራጅ ውሃ መዘፍዘፍ ወይም ለብቻው ማጠን ግዴታ ይሆናል።

ጭሱን ማውጣት አለብን ያልኩት በምክንያት ነው፤ ከዛሬው ንግግሬ ሁሉ ይህን ካልሰማችሁ ሌላውን ባትሰሙ ይሻላል። የምመክራችሁ ቤት ሙቀት ይይዛል፤ ሙቀት የሚይዝ ቤት አየሩንም ይይዛል። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ከሰል አቀጣጥሎ በር ዘግቶ መተኛት ሞት ነው። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ አይታይም፣ የተኛውን ሳያነቃው ይወስደዋል። በየበዓሉ ሰሞን አንድ ቤት ሙሉ ቤተሰብ በዚህ ሲያልቅ ሰምተናል። ስለዚህ ማብሰያው ለብቻው ይሁን፣ ጭስ ማውጫ ይኑረው፤ ለእንጀራ «ምርጥ» የተባለው ምድጃ ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቀንሳል። በየመኝታ ክፍሉም ከኮርኒሱ በታች የማይዘጋ ትንሽ የአየር መውጫ ይተው። ትንሽ ሙቀት በዚያ ይወጣል፤ ይውጣ።

ስለ ውሃም አንድ ነገር ልበል። 100 ካሬ ሜትር ጣራ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 100 ሊትር ነው። በዓመት 900 ሚሊ ሜትር ቢዘንብና አምስተኛው ቢባክን እንኳ 72,000 ሊትር በአሸንዳ ይወርዳል። የባሌ ዝናብ በሁለት ወቅት መከፋፈሉ ለማጠራቀም ያመቻል፤ ማጠራቀሚያው ከአንድ ክረምት እስከ ቀጣዩ ክረምት ድረስ እንዲያቆይ አይገደድም። አሸንዳው ግንቡንም ከመርጠብ ያድነዋል።

ይህ ሁሉ በወረቀት የቀረ ሐሳብ እንዳይመስላችሁ። በአዲስ አበባ የኢትዮጵያ አርክቴክቸር፣ የሕንፃ ግንባታና የከተማ ልማት ኢንስቲትዩት ከስዊዘርላንዱ የዙሪክ ቴክኖሎጂ ተቋም ጋር ሆኖ በ2003 ዓ.ም. ገደማ ባለ አንድ ፎቅ የአፈር ቤት ሠርቷል። የምድር ቤቱ ግድግዳ የተጠቀጠቀ አፈር ነው፤ ፎቁን የተሸከመው ብረት ያለበት አርማታ ሶሌታ ሳይሆን ከአፈር ጡብ የተሠራ ቅስት ነው። በቡርኪና ፋሶ አርክቴክቱ ፍራንሲስ ኬሬ በተወለደበት በጋንዶ መንደር እ.ኤ.አ. በ2001 ያጠናቀቀው የአፈር ጡብ ትምህርት ቤት ለዓለም ስም አሰጠው፤ እ.ኤ.አ. በ2022 የአርክቴክቸር ትልቁ ሽልማት የሚባለውን ፕሪትስከር ወሰደ። የእሱን ጣራ ግን እዚህ አንቅዳው፤ እሱ የሚታገለው ሙቀትን ነው፣ ጣራውን ከኮርኒሱ ለይቶ ያነሳው ንፋስ እንዲያልፍ ነው። የትግራይን ባህላዊ ቤት፣ የህድሞን፣ የአፈር ጣራም ወደ ባሌ ዝናብ ማምጣት አይቻልም። ከኬሬ የምንወስደው አካሄዱን ነው፤ የመንደሩን አፈር አጠና፣ ጡቡን ከመንደሩ ሰዎች ጋር መታ፣ ግንበኞቹንም እዚያው አሠለጠነ። እዚሁ ሐረና ደን ውስጥ የተሠራው የባሌ ማውንቴን ሎጅም ኤሌክትሪኩን ከአነስተኛ የውሃ ኃይል ማግኘቱ በቦታው ላይ ያለውን መጠቀም እንደሚቻል ያሳያል።

የሚቀረን ማስረጃ በራሳችን ብርድ የተለካ ማስረጃ ነው። የሕንፃ አዋጁ ግንባታ በፈቃድ እንዲሠራ ያዛል፤ ፈቃድ የሚሰጠው ባለሙያ ደግሞ የአፈር ቤት ፕላን ሲቀርብለት ቁጥር ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ስለዚህ ለመዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ፣ ለሮቤና ለጎባ ከተሞች አንድ ጥያቄ አቀርባለሁ። 4 በ5 ሜትር የሆኑ ሁለት ክፍሎች ጎን ለጎን ይሠሩ። አንዱ በተለመደው ብሎኬትና ቆርቆሮ፣ ሌላው በድንጋይ መሠረት፣ በ30 ሳንቲ ሜትር የአፈር ጡብና በጭድ ኮርኒስ። መስኮታቸው እኩል ይሁን፣ እሳት አይነድባቸው። በየክፍሉና በውጭ ቴርሞሜትር ይሰቀል፣ በየሰዓቱ ይነበብ። የፈጀው ሲሚንቶ በኩንታል፣ እንጨቱ በቁጥር፣ የግንበኛው ቀን በደመወዝ ሳይደበቅ ይመዝገብ። የአፈሩ ክፍል በወጪም በሙቀትም ከተሸነፈ እሱም ይነገር።

ጡቡ በጥር ቢመታ የገና ዝናብ ሳይመጣ ይደርቃል፤ ግንቡ ተጠናቆ ልኬቱ በሚቀጥለው ኅዳር ይጀመርና እስከ ጥር መጨረሻ ይቀጥል። ውጤቱ በየሳምንቱ በገበያ ቀን በኦሮምኛና በአማርኛ ተጽፎ ይለጠፍ። ለጡቡ የሚሆነው ቀይ አፈር በቅርብ የት እንዳለ የምታውቁ አባቶችና ግንበኞች እዚህ አዳራሽ ውስጥ አላችሁ፤ ወደ ጥያቄዎች ከመሄዳችን በፊት ከእናንተ ልስማ።